ያልተቀባው በር

የቲነር ሽታ ሲሸተኝ ደረቴ ይጠባል። ሐኪሙ የመተንፈሻ አካል መቆጣት ነው ብሎ ጽፎልኛል፤ ሙያው ነውና አልተከራከርኩትም። እኔ ግን ምክንያቱን ከእሱ በተሻለ አውቀዋለሁ። በመጽሐፍም አላገኘሁት፤ ከልጅነቴ አብሮኝ የኖረ ነገር ነው።

ጡረታ ወጥቼ ወደ ቆቦ የተመለስኩ ሰሞን፣ ከአባቴ የወረስኳትን አሮጌ ፊያት ቀለም ላሳድስ ብዬ በዋጃ መውጫ ካለ ጋራዥ ወሰድኳት። አባቴ ራሱ ሲገዛት ሌላ ሰው የተገለገለባት መኪና ነበረች፤ ቀሪውን ጭረት እኛው ነን የጨመርንላት። ቀለም ቀቢው ቢኒያም ይባላል፤ በዕድሜ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ጭረቶቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። «ይህ እንዳይቀር። ይህም። ከፓራፋንጎው በታች ያለውም» እያልኩ መኪናዋን ስዞራት ጥቂት ታገሠኝና፣ «ጋሼ፣ የሚያሳዩኝ መኪና ነው ወይስ ካርታ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሥራ ከተሠራ ተሟልቶ ይሠራ የሚል ክፉ አመል ከአባቴ ከመኪናዋ ጋር ወርሻለሁ።

ቢኒያም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመረ። ከኮፈኑ ወደ ጎኗ አለፈ፤ ከተሳፋሪው በር ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ አቧራውን በጨርቅ ጠረገና እንደገና አየ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ የሰው እጅ አለ» አለኝ።

መኖሩን አውቃለሁ። ያን እጅ ያወቅሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ እንዴት እዚያ እንደታተመ ለመናገር ግን ወደ ኋላ ብዙ መመለስ ያስፈልጋል።

ስምንተኛ ክፍል በደረስኩበት ዓመት የአባቴ ታናሽ ወንድም ዘለቀ በውሃ ተራ ተጣልቶ ሰው ገደለ። የራያን ቆላ የማያውቅ ሰው ለውሃ ተራ ነፍስ ይጠፋል ሲባል ይገረም ይሆናል። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ከተራራው ነው፤ እኛ ሜዳ ላይ ያለነው ጎርፉን ጠብቀን፣ ከወንዙ ጠልፈን ማሽላችንን እናጠጣለን። ጎርፍ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። በተራው ቀን አንድ ጎርፍ ያመለጠው ገበሬ የዓመት ቀለቡ አመለጠው ማለት ነው። ዘለቀና ጎብዬ አጠገብ ያለው የእርሻ ጎረቤቱ በአንድ ቦይ ላይ ተገናኙ፤ አንዱ ወደቀ። ዘለቀ ወደ አፋር በረሃ ወረደ። ደሙ ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ሽማግሌዎች እርቅ እስኪያወርዱ ድረስ የገዳይ ወገን የሆነ ወንድ ገበያ አይወጣም፣ ከሟች ወገንም ጋር በአንድ መንገድ አይሄድም። ሴት አትነካም። ልጅም አይነካም፤ ነገር ግን ልጅነት የሚለካው በቁመት እንጂ በዕድሜ አልነበረም። እኔ ደግሞ ቁመቴ ዕድሜዬን ቀድሞ ሄዶ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ያየኝ ሁሉ «ቁርጥ ዘለቀን!» ይለኝ ነበር። ቀድሞ ደስ ይለኝ የነበረው ይህ ቃል በአንድ ቀን የእስር ማዘዣ ሆነብኝ። አባቴና እኔ በግቢያችን የቁልቋል አጥር ውስጥ ቀረን።

እኩዮቼ የሆናችሁ አንባቢዎች በዚያ ዕድሜ ግቢ ውስጥ መዋል ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ዓለም ለእኔ በቁልቋሉ ሥር ባለች ቀዳዳ ልክ ነበረች፤ በእሷ በኩል የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። የገበያ ዕለት የግመል እግር፣ የአህያ እግር፣ በላስቲክ ጫማ የሚጣደፍ የሰው እግር ያልፋል። የማሽላ እሸት ጥብስ ሽታ በአጥሩ ላይ ተንሳፍፎ ይመጣል፤ ማን እንደሚጠብሰው አላይም። ጓደኞቼ ከአጥሩ ማዶ የካልሲ ኳስ ይራገጣሉ። ኳሷ አሁንም አሁንም ወደ ግቢያችን ትወድቃለች። «አንተ እስረኛ! ኳሷን ፍታት፣ እሷ ምን አደረገች!» ብለው ይጮኻሉ። እወረውርላቸዋለሁ። ሆን ብለው እንደሚጥሏት፣ በሕይወት መኖሬንም የሚጠይቁት በዚያ መንገድ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ፊያቷም ከእኛ ጋር ታስራ ነበር። ማሽላ በሚከማችበት ጎተራ ቤት ቆማ እኔ ውስጧ ተቀምጬ ትምህርቴን አነባለሁ። አባቴ እንደገዛት ሰሞን፣ ጨው የጫነ የአፋር ግመል መንገድ ላይ ታክኳት ሲያልፍ አሞሌው ጎኗን ከፊት መብራቷ ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማዋ ጭሮት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቆቦ እስከ ወልድያ ስሟ «ጭረቷ» ሆነ። «ጭረቷ አለፈች» ከተባለ ማን እንዳለፈ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ወልድያ ነው፤ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጎብዬን ሰንጥቆ ያልፋል። አስተማሪዬ ለእናቴ ፈተናው መቃረቡን፣ ዘንድሮ ያልተቀመጠ ስሙ ከመዝገብ እንደሚወጣ ነገራት። አውቶቡሱ ጎብዬ ላይ ይቆማል፤ ሰው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይተያያል። እናቴ የዚያን ዕለት ነጠላዋን ሳታወልቅ ከአባቴ ፊት ቆመች።

«ልጄ በዚህ አጥር ውስጥ ሊሸብት ነው?»

«ይኑር እንጂ ይሽበት» አላት አባቴ።

«እንዲህ ሆኖ መኖርን ማን መኖር አለው!» አለች። በማግስቱ አባቴ ጎተራ ቤት ገብቶ በግመሉ ጭረት ላይ ጣቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያስኬድ አየሁት። ጭረቷ ጭረት ከሌላት ማን ያውቃታል? ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ጭረቱን አጥፍቶ፣ እኔን ውስጧ ደብቆ ጎብዬን ማሳለፍ።

ጋሼ ይማም ተጠራ። ይማም የጭነት መኪና ጎን ላይ አበባና አንበሳ የሚስል፣ መንዳትም የሚችል፣ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። የመኪና ቀለም ቆቦ አይገኝም ነበርና ለበርና ለመስኮት የሚሆን ሰማያዊ የዘይት ቀለም በቲነር አቀጠነ። መርጫው ደግሞ የፍሊት ፓምፕ ነው፤ ያው ለትኋን የምንነፋው። ጭረቱን በስቱኮ ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለ፣ ከዚያ ጦርነቱ ከአዋራ ጋር ሆነ። የቆቦን ሜዳ አዋራ ታውቁታላችሁ፤ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ወለሉን ውሃ አጠጣን፤ የእርጥብ ጆንያ መጋረጃ በመስኮቱ ላይ ሰቀልን፤ የበሩን ስንጥቅ እናቴ ከውጭ በጭቃ መረገችው። ቀለሙ እስኪይዝ ድረስ በሩ አይከፈትም ተባለ። ውስጥ የቀረነው ይማምና እኔ ነን፤ እሱ ሊረጭ፣ እኔ ዝንብ ላባርር።

ከእስር ቤት ውስጥ ሌላ እስር ቤት እንዳለ የተማርኩት ያን ዕለት ነው። የቲነሩ ትንፋሽ በርጥበቱና በሙቀቱ ላይ ተደርቦ ዓይኔን አነደደው፤ ማሽላው፣ ግድግዳው፣ የገዛ ምላሴ ሳይቀር ሰማያዊ ሰማያዊ አለኝ። ይማም እርጥብ ጨርቅ አፌ ላይ አሰረልኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ሲከፈት ተፈታህ ማለት ነው» ይለኛል፤ ደግሞ ወዲያው «ያችን ዝንብ! ያችን! ከአጎትህ የባሰች ደመኛ ናት!» ብሎ ይጮኻል። እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ወይም እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ቲነሩ ሁለቱን አያስለይም።

በሩ ሲከፈት አባቴ ፋኖስ ይዞ ገባና በጎን አበራባት። «ይታያል» አለ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። እኛ ምንም አላየንም።

«አቶ ታደሰ፣ ይህን የሚያይ ዓይን ያለው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ ጎብዬ ቆመው አይጠብቁን» አለ ይማም።

«ይታያል ካልኩ ይታያል» አለ አባቴ።

እንደገና ተፈገፈገ፤ እንደገና ተዘጋብን፤ እንደገና ተረጨ። ሁለተኛው ቀለም እስኪይዝ ሲጠበቅ መነሻችን ተጓተተ። ጎህ ሳይቀድ ጎብዬን እናልፋለን ያልነው ሰዎች ፀሐይ ሞቅ ብሎ፣ ያውም በጎብዬ የገበያ ቀን ወጣን። ቀለሙም ከላይ ደረቀ እንጂ ከሥሩ ገና ለስላሳ ነበር። ትልቁ ስህተታችን ግን ይህ አይደለም። በዚያ አገር መኪና ሁሉ የአዋራ መልክ አለው። እኛ ማንም ልብ እንዳይላት ብለን ሰማይ ያከለ መስታወት መንገድ ላይ ለቀቅን። የዚያ አገር ሰው ደግሞ አዲስ ነገር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። አዲስ ላም ይሁን አዲስ ጋቢ፣ አቁሞ፣ ዳስሶ፣ መርቆ ያሳልፋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ረሳነው።

ይማም ነዳ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ሴት አትነካምና። እኔ ከኋላ ወለሉ ላይ ተጣጥፌ ተኛሁ፤ ላዬ ላይ ጆንያ፣ ከጆንያው በላይ የማሽላ ከረጢት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው የማስታውሰው። መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ። ከዚያ የሰው ጫጫታ ከበበን። ከዚያ ቆምን።

«ኧረ እዩዋት! ፊቴን አየሁባት!» አለች አንዲት ሴት።

«አይተሽ ስታበቂ ለእኔም ቦታ ልቀቂ» አለቻት ሌላዋ።

አንድ የሽማግሌ ድምፅ ሁሉንም ዝም አሰኘ። «ይማሞ! ከመቼ ወዲህ ነው ባለመኪና የሆንከው?»

«አላህ ሲሰጥ መቼ ይናገራል፣ አያ አበጋዝ» አለ ይማም። ድምፁ ቀጠነ። አያ አበጋዝ የሟቹ አባት ነው።

«አዲስ ናት?»

«ቀለሟ አዲስ ነው።»

«ታዲያ ሳትመረቅ ልታልፍ ነበር? እኛ የሌለን መሰለህ?» በሩ በእናቴ በኩል ጠቅ ሲል ተሰማኝ፤ ሽማግሌው መዳፉን ላሜራው ላይ ማሳረፉ ነው። «እንትፍ፣ እንትፍ። ጎማሽን እሾህ አያግኘው። ዓይንሽ ገደል አይየው። የጫንሽውን በደህና አድርሺ፤ ያደረስሽውንም በደህና መልሺ።»

«አሜን!» አለ ገበያው። «አሚን» አለ ይማም፣ ከሁሉም ዘግይቶ።

በዚህ ጊዜ የማሽላው ብናኝና በሳንባዬ የቀረው ቲነር አንድ ላይ ተነሡብኝ። አፌን በጉልበቴ ደፈንኩት፤ አልሆነም። ሳልኩ።

«ወይ ጉድ! ማሽላው ሳለ!» አለ አንዱ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። «አባየ፣ ቆይ እኔ ልየው» የሚል የወጣት ድምፅ መጣ፤ የምንሽር ጠመንጃ ማንገቻ ከትከሻ ሲወርድ ሰማሁ።

«ቁም! እኔ አለሁ አይደል» አለ ሽማግሌው።

በተከፈተው መስኮት እጅ ገብቶ የጆንያውን ጠርዝ ገለጠ። ብርሃን ገባ፤ በብርሃኑ መካከል ነጭ ጢም፣ ከሥሩ የቀላ ዓይን። የልጁን ገዳይ ፊት ነበር የሚያየው፤ ቁርጥ ዘለቀን። እናቴ ከፊት ሳትዞር ተቀምጣለች። አንድ እጁ ጆንያውን ይዟል፤ ሌላው እጁ ገና በሩ ላይ ነው፤ ከበሩ ሊያነሣው የከበደው መሰለኝ። የጫንሽውን በደህና አድርሺ ብሏል። ገበያው አሜን ብሏል። ያንን ቃል ከአየር ላይ ማን ይሰበስበዋል?

ጆንያውን መልሶ ጣለብኝ። «የዘር ማሽላ ነው፤ ነቀዝ ይዞታል። ነፋስ አታስነኩት» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይማሞ፣ ሂድ። አሜኑ ሳይቀዘቅዝ ሂድ» አለው።

ሄድን። እናቴ ዞራ ስታየው፣ ሽማግሌው ከመንገዱ መሀል ቆሞ ሰማያዊ የሆነ መዳፉን ይመለከት ነበር አለችኝ። ወልድያ ደርሰን ስንወርድ የበሩ ቀለም ላይ አምስቱም ጣቶች ከነመስመሮቻቸው ታትመው አየን። ይማም አየና ጎማው ሥር ቁጭ አለ።

ፈተናውን ተፈተንኩ። ስንመለስ ይማም ጆንያውን ሊያነጥፍልኝ ሲል እናቴ ከለከለችው። «ከፊት ተቀመጥ» አለችኝ። «ያደረስሽውን መልሺ ብሏታል።» ጎብዬን በግልጥ ፊት፣ በተከፈተ መስኮት አለፍን። ምንሽር የያዘው ወጣት የመንገዱ ዳር ላይ ነበር። አየኝ። ፊቱን አዞረ።

ነፃ ወጣሁ ብዬ እንዳልዋሽ። ምርቃቱ ለመኪናዋና ለጫነችው እንጂ ለእኔ አልነበረም። እርቁ እስኪወርድ ድረስ ከግቢ የምወጣው በዚያች ፊያት ውስጥ ሆኜ ብቻ ነው። ገበያ ስንደርስ አልወርድም፤ ጓደኞቼ መስኮቱን ከበው ያወሩኛል፣ «ውረድና ኳስ ምታ፣ ወይስ ጎማ አበቀልክ?» ይሉኛል፤ እግሬ ግን መሬት አይነካም። ቀዳዳዋ በመስታወት ተለወጠች እንጂ እስሩ ያው ነው። ያም ሆኖ በቀዳዳዋ እግር ብቻ ነበር የማየው፤ በመስኮቱ የሰው ፊት አየሁ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን አስታረቁ፤ አባቴና አያ አበጋዝ ከአንድ ገበታ ቆረሱ። እኔም ትምህርቴን ቀጥዬ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ጠብታ ቀለም የማያልፈው አባቴ ያን በር እስኪሞት ድረስ አላስነካም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ብዙ ዓመት ያ ሽማግሌ ማረኝ ብዬ አስብ ነበር። አሁን በእሱ ዕድሜ ላይ ሆኜ ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ሊምረኝ አልፈለገም ይሆናል። ምናልባት ልጁን የሚያስበው ልቡ ወደ አንድ ወገን፣ ከአፉ የወጣው ቃል ወደ ሌላ ወገን ሲጎትቱት እሱም እንደ እኔ መውጫ አጥቶ ይሆናል። ያን ዕለት የታሰርነው ሁለታችንም ነበርን፤ ልዩነቱ እኔ በጆንያ መታሰሬ፣ እሱ በገዛ ቃሉ መታሰሩ ነው። የእሱ ይከብድ ነበር።

ቢኒያም ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። «ይህን ካልፈገፈግሁት አዲሱ ቀለም አይይዝም፣ ጋሼ። ወይ እጁ ይጠፋል፣ ወይ በሩ እንዳለ ይቀራል።»

መዳፌን በሩ ላይ ከታተመው መዳፍ ላይ አሳረፍኩ። በልጅነቴ ስለካው ጣቶቼ ያጥሩ ነበር፤ አሁን ልክ ሆነ።

«በሩ ይቅር» አልኩት።

«ጭረት እንዳይቀር ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሰው ሥራ አያውቅም ይለኛል እኮ!»

«ቀለም አለቀብህ ይበሉህ። እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

መኪናዋ አዲስ ሆና ወጣች፤ አንድ በር ሲቀር። የባጃጅ ልጆች «ጋሼ፣ ለበሩ ብር አጠረ?» እያሉ ያልፉኛል። አንድ ጠዋት ወደ ወልድያ ስሄድ ጎብዬ ላይ ገበያ ነበር። ዛሬ ማንም አይፈልገኝም፤ ከየትም ወደ የትም መሄድ እችላለሁ፤ ከአጥሩ ማዶ የሚጠብቀኝ ምንሽር የለም። ሚኒባሶቹ መስታወታቸውን ዘግተው ያልፋሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሰው ስልኩን ያያል፤ በውጭ ያለውም ስልኩን ያያል። አያ አበጋዝ ቆሞበት የነበረው ቦታ ስደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ። የተሳፋሪውን መስኮት ጎንበስ ብዬ አወረድኩት። አዲሱ ቀለም በፀሐዩ ያበራል፤ ከሩቅ ይታያል። ከኋላዬ ጥሩምባ ጮኸ፤ አንድ ሹፌር ጭንቅላቱን አውጥቶ ሰደበኝ። እኔ ግን ጥቂት ቆየሁ፤ መስኮቱን እንደከፈትኩ፣ አንድ እጅ ቢመጣ ብዬ።